ወለሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ በመተማ በኩል ገብቶ ጎንደርን አልፎ ባሕር ዳር የደረሰ አንድ ያረጀ የጀርመን መኪና የውስጥ ሣጥኖቹን እንድጠግን ተጠራሁ። መኪናው ጣና ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አልጋም፣ ምድጃም፣ ማጠቢያም በውስጡ የተሠራለት፣ መንገደኞቹ ካምፐር የሚሉት ዓይነት ነው። ሙያዬ የቤት ዕቃ ሥራ ነው። ከካይሮ ተነሥተው በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱ፣ ወይም ከዚያ የሚመለሱ ሰዎች ብዙዎቹ ያኔ ጎጃምን አቋርጠው ያልፉ ስለነበር፣ አንዱ ለሌላው እየነገረ፣ መሳቢያው የላላበት ወይም ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ያበጠበት ሁሉ እኔን መፈለግ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን እነዚህን መኪኖች የማያቸው ጎማ እንዳለው ቁም ሣጥን ብቻ ነበር።

ባለቤቶቹ ባልና ሚስት በዕድሜ የገፉ ናቸው። ዋናው ስሞታቸው አቧራ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ካለች አንዲት ዝቅተኛ ሣጥን አቧራ እየተነሣ ልብሳቸውንና ምግባቸውን እንዳበላሸው ነገሩኝ። ሣጥኗን ከፍቼ ባጎነብስ ወለሉ ላይ ከቡና ሲኒ አፍ ትንሽ የምትሰፋ ቀዳዳ አየሁ። ዝገት የበላው ወንፊት ተወጥሮባታል፤ በወንፊቱ ውስጥ የግቢው ጠጠር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሣጥኗ ባዶ ነበረች። ቀዳዳዋ አንድ ጊዜ ቱቦ ወይም ሽቦ ያልፍባት እንደነበርና አሁን ጥቅም እንደሌላት ደመደምሁ። ከሰፈራችን በያጅ ዘንድ ላሜራ አስቆርጬ፣ ከሥሩ ጎማ አነጠፍሁና በአራት ብሎን አጥብቄ ደፈንኋት። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ሰዎቹም አመስግነው ከፈሉኝ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ የማረፊያው ዘበኛ ቤቴ ድረስ መጣ። ስደርስ ሁለቱም በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከመኪናው ራቅ ብለው ቆመዋል፤ የመኪናው በርና መስኮት ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሣጥኗ ባዶ የነበረችው የጋዝ ሲሊንደሩ ሊሞላ ወጥቶ ስለነበር ነው፤ ማታ ሲሊንደሩ ተመልሶ ቦታው ገብቷል። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኘው የጎማ ቱቦ አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ኖሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲያፈስ አድሯል። ሴትዮዋ ዝቅተኛው አልጋ ላይ ተኝተው ስለነበር ሽታው ቀሰቀሳቸው። ባልየው መብራት ሳያበሩ፣ ክብሪትም ሳይጭሩ፣ በጨለማ ዳስሰው ቧንቧውን ዘጉና ሚስታቸውን ይዘው ወጡ። ተቆጥተው ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮሁም። ካቻቢቴ ሰጡኝና «አውጣው» ብቻ አሉኝ፤ ላሜራውን ስፈታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያ ቀዳዳ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በሲሊንደር ተሞልቶ የሚሸጠው ጋዝ ፕሮፔን ወይም ቡቴን፣ አለዚያም የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሲያፈስ እንደ ጭስ ወደ ጣራ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይወርድና እዚያው ይተኛል። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ ሲሊንደሩ ከሚቀመጥበት ሣጥን ወለል ላይ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ይተዋሉ፤ የፈሰሰው ጋዝ በራሱ ክብደት መሬት ላይ ወድቆ በነፋስ ይበተናል። ያ የጎማ ቱቦ ከዚያ በፊትም ለሳምንታት ሲያፈስ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳዋ ግን ሥራዋን እየሠራች ስለነበር ማንም አላወቀም። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ሴትዮዋን ያነቃቸው ሽታ ሰው እንዲያውቀው ተብሎ ፋብሪካ ላይ የሚጨመር ነው። እኔ ቀዳዳዋን ደፍኜ አንድ መከላከያ አጠፋሁ፤ ያተረፋቸው ሁለተኛው መከላከያ ነው።

ይህን ስጽፍ መኪና የሌለውም አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በከተሞቻችን ሲሊንደር ጋዝ የሚጠቀም ሰው በዝቷል፤ ሲሊንደሩም ብዙ ጊዜ መውጫ በሌለው ጥግ፣ ከማጠቢያው ሥር ወይም ከደጁ ዝቅ ባለች ጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ከፍ ብሎ የተከፈተ መስኮት ለጭስ ይጠቅም ይሆናል፤ ወለል ላይ የተኛ ጋዝ ግን በመስኮት አይወጣም። ከበሩ ሥር ያለችውን ክፍተት አቧራ ገባ ብሎ በጨርቅ የሚወትፍ ሰው እኔ የሠራሁትን ያንኑ ስሕተት ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ጥቅሙን የማላውቀውን ነገር አልነቅልም፣ አልደፍንም፣ አልቆርጥም፤ መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ እስካገኝ ድረስ ሥራውን አቆማለሁ። ያደግሁበት ዳንግላ አካባቢ ያለው የእናቴ ቤት ይህን ቀድሞ ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። ጎታው ከሥሩ በጨርቅ የተወተፈች ቀዳዳ አለችው፤ የማያውቅ ሰው ተሰንጥቆ የተጠገነ ይመስለዋል፣ እናቴ ግን ጨርቁን ነቅላ እህሉን ከሥር ትቀዳበታለች፣ አሮጌው ከአዲሱ በፊት እንዲያልቅ። ከውጭ የመጣ አናጢ ያንን ጎታ «ላሳምርልሽ» ብሎ ቢመርግባት ምን ትለው እንደነበር አውቃለሁ። ጠባብ ቤት ውስጥ ያለ ምክንያት የሚቀመጥ ነገር የለም፤ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይጠብባል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝና ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀኝ ማቀዝቀዣው ነው። በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ከማቀዝቀዣው ኋላ፣ በመኪናው የውጭ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ ሁለት የተሰነጣጠቁ ክዳኖች አሉ። በላይኛው ዙሪያ ጥላሸት የመሰለ ጥቁረት አያለሁ። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከታች በጥጉ፣ የጥፍር ያህል የምታክል ክብ መስተዋት ተተክላለች። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የአየር አረፋ የምትዋኝባት ትንሽ ክብ ውሃ ልክ ትገኛለች። ማቀዝቀዣን ከጥላሸት፣ ከመስተዋትና ከውሃ ልክ ጋር ምን እንዳገናኘው ፈጽሞ ሊገባኝ አልቻለም ነበር።

መልሱ ማቀዝቀዣው በእሳት የሚሠራ መሆኑ ነው። ይህን ዓይነቱን ማቀዝቀዣ እ.ኤ.አ. በ1922 በስቶክሆልም የቴክኒክ ተማሪዎች የነበሩት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ፈለሰፉት፤ ኋላም ኤሌክትሮሉክስ የተባለው ኩባንያ ወስዶ አስፋፋው። ቤታችን እንዳለው ማቀዝቀዣ የሚያጓራ ሞተር የለውም፤ የሚሽከረከር ነገር በውስጡ የለም። በታሸገ የብረት ቧንቧ ውስጥ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን አሉ። ከታች ትንሽ ነበልባል አሞኒያ የሟሟበትን ውሃ ያፈላዋል፤ አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣና ሙቀት የሚበትኑ የብረት ክንፎች ባሉት ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በማቀዝቀዣው ክፍል በኩል ሲወርድ ሃይድሮጅን ካለበት ቦታ ገብቶ እንደገና ይተንናል፤ ሲተንም ሙቀቱን ከምግቡ ላይ ይወስዳል። በመጨረሻ ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠውና ተያይዘው ወደ ነበልባሉ ይመለሳሉ። አፍልቶ ማቀዝቀዝ ማለት ይኸው ነው፤ እውነት ለመናገር ይህን የተረዳሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህን ካወቁ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። የታችኛው ክዳን ቀዝቃዛ አየር ያስገባል፣ የላይኛው የሞቀውን ያስወጣል፤ ጥላሸቱ የነበልባሉ ነው። ክቧ መስተዋት ሰው ጎንበስ ብሎ ነበልባሉ መያዙን የሚያይባት መስኮት ናት። ውሃ ልኳ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ጉዳይ አላት፤ ፈሳሹ የሚመለሰው በፓምፕ ሳይሆን በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ መኪናው ተዳፋት ላይ ቆሞ ካዘመመ ፈሳሹ ቧንቧ ውስጥ ይቋጥራል፣ ነበልባሉ ግን ማፍላቱን አያቆምም። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቧንቧውን ከዝገት እንዲጠብቅ የተጨመረው ነገር ይደርቅና መተላለፊያውን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣው አይድንም። ከኋላው ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ተረጭቶ ካየሁ ቧንቧው ተበስቶ ፈሳሹ እንደወጣ አውቄ፣ ባለቤቱ ለጥገና ገንዘብ እንዳያወጣ እመክረዋለሁ። መንገደኞች ማታ መኪናቸውን ሲያቆሙ ከጎማው ሥር ጣውላ እያስገቡ ሲያስተካክሉ የሚያይ ሰው ለእንቅልፋቸው የሚጨነቁ ይመስለዋል፤ ብዙዎቹ የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

በኛ አገር ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህሉን አጥቷል። ነበልባሉ የሚያስፈልገውን አየር ሳያገኝ ይዳከማል፣ ይቀላል፣ ይጠፋል። አንዳንድ አምራቾች ከ1,700 ሜትር ገደማ በላይ ማቀዝቀዣውን በጋዝ ከማሠራት ይልቅ በኤሌክትሪክ ማሠራትን ይመክራሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መንገደኛ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ለምሳ ሲቆም ነበልባሉ በመጀመሪያው ሙከራ እንደተያያዘለት፣ ሽቅብ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ ደጀን ሲያድር ግን ሌሊቱን ሦስት ጊዜ እንደጠፋበት አጫውቶኛል። ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሊያስነቅለው ነበር የመጣው። የፊት መዝጊያው ላይ ያለችውን ሦስት ቦታ የምትዞር ቁልፍ አሳየሁት፤ አንደኛው ለጋዝ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲሠራ ለመኪናው ባትሪ፣ ሦስተኛው ቆሞ ሳለ ከግድግዳ ለሚመጣ መብራት ነው። ደብረ ማርቆስ ሲያድር በሦስተኛው አሠራው፤ ሳይነቀልም ቀረ።

ሌሎቹ ከዚህ ይቀልላሉ። ወለሉ መካከል ያለ ክዳን የለበሰ ክብ ብረት የጠረጴዛው እግር የሚተከልበት ነው፤ ከመቀመጫዎቹ ጠርዝ ሥር ያለው ቀጭን የእንጨት ደረጃ ደግሞ ያው ጠረጴዛ ዝቅ ብሎ ተኝቶ አልጋ እንዲሆን የሚያርፍበት ነው፤ እንደ እናቴ መደብ ማለት ነው። ከማጠቢያው ሥር በእግር የምትረገጥ ጉልላት ውሃ መግፊያ ፓምፕ ናት፤ በእግር የሆነችው እጅ ነጻ እንዲሆንና ውሃው በረገጧት ልክ ብቻ እንዲወጣ ነው፤ ታንከሩ ትንሽ ለሆነ ሰው እያንዳንዷ ኩባያ ትቆጠራለች። ሁለት ባትሪ ያለው መኪና አንዱን ለሞተሩ ብቻ ይጠብቃል፤ መካከላቸው ያለችው ሪሌ የምትባል፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ሞተሩ ሲነሣ ሁለቱን ታገናኛለች፣ ሲጠፋ ትለያያለች፣ ሰው ሌሊቱን መብራት አብርቶ ቢያድርም ጠዋት መኪናው ይነሣለታል። ኤሌክትሪኩን ያልተረዳ ሰው ያቺን ሪሌ አልፎ በቀጥታ ሽቦ ሲያገናኘው አይቻለሁ። ሁለቱም ባትሪዎች አብረው አለቁ።

ወለል ላይ ያለች ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ የጋዝ አይደለችም። ማቀዝቀዣ በሌላቸው፣ ኮምቢ በሚባሉት አሮጌ የፎልክስዋገን መኪኖች ላይ የበረዶ ሣጥን አለ፤ ከሥሩ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ የቀለጠውን በረዶ ውሃ ወደ መሬት ያፈስሳል። ሁለቱን ለመለየት ከጠርዙ ዙሪያ ያለውን ምልክት አያለሁ፤ ውሃ የወረደበት ቀዳዳ ከሥሩ የዝገት እንባ ይኖረዋል፣ የጋዙ ቀዳዳ ደረቅ ነው።

ለብዙ ወራት ያላወቅሁት አንድ ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ነበር። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ሟች ባለቤታቸው ከአንድ የውጭ አገር አስተማሪ ገዝተውት የነበረ የመኝታ ኮምቢ ቆሟል። ሞተሩ ከኋላ ያለና በአየር የሚቀዘቅዘው ዓይነት ነው፤ ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1979 ከተሠሩት አንዱ። የጎን መስኮቶቹ እንደ መጋረጃ ቅጠል እየተደራረቡ የሚከፈቱ መስተዋቶች ናቸው፤ ዝናብ እየዘነበ አየር ያስገባሉ፣ ከውስጥ ደግሞ ለትንኝ ወንፊት አላቸው። እሱን ወዲያው ነው ያወቅሁት። ያላወቅሁት በሹፌሩ ክፍል ውስጥ፣ ከመቀመጫዎቹ ከፍ ብሎ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው የተተከሉ አራት ትናንሽ ብረቶች ናቸው።

«እትዬ፣ እነዚህ ምን እንደሆኑ ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ባለቤቴ የመጋረጃ ናቸው ይል ነበር፤ መጋረጃ ግን ተሰቅሎባቸው አላየሁም፣ ልጄ።»

አብሮኝ የነበረው መካኒክ ጠመንጃ ማስቀመጫ ናቸው አለ። በጎጃም ለሚነዳ ሰው የማይመስል ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በግራና በቀኝ ባሉት መካከል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስላለ ጠመንጃ አይደርስም። ብረቶቹን አቧራቸውን ጠርጌ በጣቴ ዳሰስኋቸው። እያንዳንዳቸው አፋቸው ወደ ላይ የተከፈተ ጎድጓዳ ሲሆን፣ ቀለማቸው የተላጠው ከጎድጓዳው ውስጥ፣ ታች በኩል ብቻ ነው። እንግዲህ የሚቀመጥባቸው ነገር ክብ ነበር፣ ከላይ ይገባ ነበር፣ ወደ ታችም የሚጫን ክብደት ነበረው። መጋረጃ እንዲህ አይፍቅም። ሁለት ዘንጎች ከግራ ወደ ቀኝ ይጋደማሉ ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት የትንሽ ልጅ ትከሻ ያህል ነው።

«እትዬ፣ ይህን ያህል የሚረዝም ሁለት የብረት ቱቦ ከመኪናው ጋር አልመጣም?»

ዝም ብለው አሰቡና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሁለቱ ቱቦዎች የዶሮ ቤቱ ውስጥ ተጋድመው ዶሮዎቹ ይሰፍሩባቸው ነበር። አጥቤ አምጥቼ ብረቶቹ ላይ ሳጋድማቸው ገጥመው አረፉ። ሸራው ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል፤ ከገበያ ወፍራም ሸራ ገዝቼ፣ ሁለቱን ጠርዞቹን አጥፌ አሰፋሁና ቱቦዎቹን በእጥፋቶቹ ውስጥ አሳለፍኋቸው። ወላጆች ከኋላ ሲተኙ ልጅ ከፊት፣ ከመሪው በላይ ተንጠልጥሎ የሚያድርበት አልጋ ነበር።

መምህርቷ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ያ አስተማሪ ትንሽ ልጅ ነበረችው፤ ሴት ልጅ» አሉ። ከዚያ ለፋሲካ የመጣችውን የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። መጀመሪያ ሸራውን በእጄ ተጭኜ፣ ቀጥሎም ግማሽ ኩንታል ጤፍ አስቀምጬ ፈተንሁት። ልጅቷ ስትወጣበት መሳቅ ጀመረች፤ እኔና መካኒኩ የጎኑን በር ማጠፊያ ስንፈታ ከላይ እየተንጠራራች ትጠይቀን ነበር። በሩን ገጥመን ስንጨርስ ጥያቄው ቆሞ ነበር። መምህርቷ ነጠላቸውን አውልቀው አለበሷት፤ እኛም መሣሪያችንን ድምፅ ሳናሰማ ሰበሰብን።